የቱ አውታር ነው የላላው?



የጠራችሁኝ «ስለ ቴክኖሎጂ አንድ ነገር በለን» ብላችሁ ነው። ግብዣውን በክብር ተቀብያለሁ፤ ርእሱን ግን ላጠብበው ነው። ቴክኖሎጂ የሚባለው ሜዳ የአገው ፈረስ እንኳ ቢጋልብበት ዳሩን አይነካም። እኔ ከዚያ ሜዳ ዳር አንድ ቤት ገብቼ ሳሎኑ ውስጥ እቀመጣለሁ። ሳሎኑ ውስጥ ከኢንተርኔት ዘፈን እየሳበ የሚያጫውት ስፒከር አለ። ቀኑ እሑድ ነው፤ ቡና ተፈልቷል፤ እንግዳ መጥቷል። ዘፈኑ ሞቅ ብሎ ሳለ መሀል ላይ ቀጥ ይላል። ይኼኔ የቤቱ ሰው ሁሉ ባንድ አፍ፣ «ኔትወርክ የለም!»

ንግግሬ ስለዚህች «ኔትወርክ የለም» ስለምትባል ቃል ነው።

እኔ ሥራዬን የጀመርሁት ቴፕ በመጠገን ነው። ያኔ ሰው ቴፑን ታቅፎ ሲመጣ በሽታውን ለይቶ ነበር የሚነግረኝ። «ካሴት ይበላል»፣ «ባንድ ጎኑ ብቻ ነው የሚሰማው»፣ «ድምፁን ይጎትታል» ይለኛል። ገና ሳልፈታው ግማሹን ሥራ ሠርቶልኛል ማለት ነው። ዛሬ ግን ለሁሉም ነገር መልሱ «ኔትወርክ የለም» ሆነ። ራስ ምታቱንም፣ ቁርጥማቱንም፣ የወባ ትኩሳቱንም «አመመኝ» ብቻ ብለን ብንሄድ ሐኪሙ ምን ያዝልናል?

አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ኔትወርክ የሚለውን ቃል ምሁራኑ በአማርኛ «አውታረ መረብ» ብለውታል። አውታር ምን እንደሆነ ለዚህ አዳራሽ አልነግርም። በገና አሥር አውታር አለው፤ ክራር አምስት ወይም ስድስት። ክራሩ ቅኝቱን ሲስት ተጫዋቹ «ክራር የለም» ብሎ አይወረውረውም። ጆሮውን አስጠግቶ አንዷን አውታር ነካ ያደርጋል፤ ቀጥሎ ሁለተኛዋን፤ ከዚያ ሦስተኛዋን። የላላችውን ሲያገኛት እሷኑ ብቻ ያጠብቃል። ደኅናዎቹን የነካካ ሰው ግን ያንዷን ጥፋት የአምስቱ ያደርገዋል።

የቤታችንም ኔትወርክ እንደዚያው ነው። እኔ ስቆጥረው አምስት አውታር አለው። አንደኛው መብራት ነው። ሁለተኛው በቤቱ ውስጥ ያለው ዋይፋይ። ሦስተኛው የዕቃዎቹ እርስ በርስ መተዋወቅ። አራተኛው ከቤት ወደ ውጭ የሚወጣው መስመር። አምስተኛው፣ ብዙ ሰው የማይጠረጥረው፣ ሰዓትና ቀን። ስፒከራችሁ ዝም ባለ ቁጥር የምትጠይቁት ጥያቄ አንድ ነው፤ የቱ አውታር ነው የላላው?

ወደ አውታሮቹ ከመግባቴ በፊት ዘፈን እዚህ እንዴት እንደደረሰ ባጭሩ ላንሳ። አምሃ እሸቴ በ1960ዎቹ መጀመሪያ በራሱ ገንዘብ ሸክላ ማሳተም ሲጀምር ዘፈን በእጅ የሚያዝ፣ በቀላሉ የሚሰበር ዕቃ ነበር። ከዚያ ካሴት መጣ፤ ከዚያ ሲዲ፤ ከዚያ ፍላሽና ሚሞሪ። «ሙዚቃ እንጭናለን» የሚል ወረቀት ያልለጠፈ ሞባይል ቤት አይታችሁ ታውቃላችሁ? እዚህ ያላችሁ የሞባይል ቤት ባለሙያዎች አትደንግጡ፣ ልወቅሳችሁ አልመጣሁም። በ2011 ዓ.ም. ነፍሱን ይማርና የሙዚቃ አቀናባሪው ኤልያስ መልካ ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ ዘፈን በስልክ የሚሸጥበትን መተግበሪያ ሲያወጣ ስሙን «አውታር» አለው። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ «ሰዋስው» ተከተለ። ከሸክላ እስከ ፍላሽ ዘፈኑ ቤታችሁ ገብቶ ይቀመጥ ነበር። አሁን ግን ከሩቅ እየፈሰሰ ነው የሚመጣው፤ እንደ ቧንቧ ውኃ። ቧንቧ ደግሞ መንገዱ ረጅም ነው፤ የሚቀደድበትም ቦታ ብዙ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ምርመራው ከየት እንደሚጀመር እንስማማ። በምኒልክ ዘመን ከአዲስ አበባ ሐረር የተዘረጋው የስልክ መስመር 477 ኪሎ ሜትር ነበር። ያ ሽቦ የሆነ ቦታ ተበጠሰ እንበል። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ እያንዳንዱን ምሰሶ እያየ የሚሄድ ሰው ስንት ቀን ይፈጅበታል? ብልኅ ሰው ግን መካከሉ ላይ ይቆምና ወደ ሁለቱም ጫፍ ይደውላል። አንዱ ወገን ከመለሰለት ግማሹን መንገድ ባንድ ጊዜ ነጻ አወጣው። በቤታችሁ ውስጥ ያ መካከል ራውተሩ ነው። ከራውተሩ ወዲህ ቤታችሁ፣ ከራውተሩ ወዲያ ዓለም። ዘፈን ሲቆም መጀመሪያ ራውተሩ ፊት ቁሙ። ስልካችሁ ላይ የተቀመጠ አንድ ዘፈን በቤቱ ዋይፋይ በኩል ወደ ስፒከሩ ላኩ። ከተጫወተ የቤታችሁ መስመር ደኅና ነው፤ ጥፋቱ ከደጅ ነው፣ አለዚያም ከሰዓቱ። እምቢ ካለ ደግሞ ጥፋቱ ቤት ውስጥ ነውና ለቴሌ አትደውሉ፤ የቴሌ ሰው ከእናንተ ቡፌ ላይ ምንም ሊያደርግላችሁ አይችልም። ቡፌ ያልሁበትን ምክንያት ቆይቼ እነግራችኋለሁ።

አሁን ወደ መጀመሪያው አውታር፤ መብራት።

ባለፈው ክረምት አንዲት እናት አስጠሩኝ። «ልጄ፣ ይኼ ነገር ዘፈኑን እያቋረጠ አስቸገረን» አሉኝ። ዋይፋዩን አየሁት፣ ደኅና ነው። መስመሩን አየሁት፣ ደኅና ነው። አንድ ሰዓት ያህል ተቀምጬ አዳመጥሁ፤ አንዴም አልተቋረጠም። «እትዬ፣ መቼ መቼ ነው የሚቆመው?» ብዬ ጠየቅሁ። ትንሽ አሰቡና «እንጀራ ስጋግር» አሉኝ። ልጃቸው ከት ብሎ ሳቀ፤ «እማዬ ደግሞ! እንጀራና ዘፈን ምን አገናኛቸው?» አላቸው።

እሳቸው ነበሩ ልክ። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3500 ዋት ገደማ ይስባል። የቤቱ ሽቦ ቀጭን ከሆነ ምጣዱ ሲሰካ የቀረው ዕቃ ሁሉ ኃይል ይቀንስበታል፤ አምፖሉ ደብዘዝ ሲል አይታችሁት የለም? ይህ ብቻውን ራውተሩን ባላጠፋው ነበር። ግን የራውተሩን አዳፕተር አነሣሁና ጽሑፉን አነበብሁ። ራውተሩ ጀርባ ላይ 12 ቮልት፣ 1.5 አምፔር ይላል። አዳፕተሩ ላይ ደግሞ 12 ቮልት፣ 0.5 አምፔር። ነገሩ ወዲያው ገባኝ፤ ዋናው አዳፕተር በመብራት መዋዠቅ ተቃጥሎ ልጁ ከገበያ «የሚገጥመውን» ገዝቶ ነበር። ቀዳዳው ገጥሟል፤ ጉልበቱ ግን አንድ ሦስተኛ ነው። እንደ ምንም እየተንገዳገደ ይሠራና ምጣዱ ሲሰካ ራውተሩ አንዴ ጠፍቶ ይነሣል። ተነሥቶ እስኪረጋ ሁለት ሦስት ደቂቃ ይፈጃል። በዚያ መሀል ዘፈኑ ቆሟል፤ «ኔትወርክ የለም» ተብሏል። ልኩን አዳፕተር ገዛን፤ እንጀራውም ዘፈኑም ባንድነት ቀጠለ። ልጁ አሁንም ድረስ ሲያየኝ ያፍራል።

እናንተም ዛሬ ቤታችሁ ስትገቡ ሁለቱን ጽሑፎች አስተያዩ። ቮልቱ እኩል መሆን አለበት። የአዳፕተሩ አምፔር ደግሞ እኩል ወይም ብልጫ ያለው ይሁን፤ ቢበልጥ አይጎዳም፣ ቢያንስ ግን ይጎዳል።

እዚሁ ላይ ከውጭ ለሚመጣ ዕቃ አንድ ቃል። ልጅ ወይም ወንድም ከአሜሪካ ስፒከር ሲልክ ደስ ይላል። አሜሪካ ግን መብራቱ 120 ቮልት ነው፤ የእኛ 220። ከመሰካታችሁ በፊት ጀርባውን አንብቡ። «100–240» የሚል ከሆነ ያለ ስጋት ሰኩት። «120» ብቻ የሚል ከሆነ መቀነሻ ትራንስፎርመር ያስፈልገዋል፤ አለዚያ ያ የናፍቆት ዕቃ ሳሎናችሁ ውስጥ ጢስ ሆኖ ይቀራል። አንዱን እኔ ራሴ በእጄ አጭሻለሁ፤ ባለቤቱ ፊት ቆሜ የምገባበት አጣሁ።

መብረቅም አለ። የእኛን አገር ክረምት ታውቁታላችሁ። ነጎድጓድ ከመጀመሩ በፊት የራውተሩን አዳፕተር ከሶኬቱ ንቀሉ። የስልክ መስመራችሁ የመዳብ ሽቦ ከሆነ የስልኩንም ገመድ አብራችሁ ንቀሉ፤ መብረቁ በእሱም ይገባልና። ፋይበር ብርጭቆ ስለሆነ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም፤ የራውተሩ አዳፕተር ግን ያው ከመብራቱ መስመር ጋር የተያያዘ ነው። መብራት ጠፍቶ ሲመለስም ሁሉን ባንድ ጊዜ አትሰኩ። መጀመሪያ ራውተሩ ይነሣ፤ ሁለት ሦስት ደቂቃ ስጡት፤ ስፒከሩ ከዚያ በኋላ ይከተል። ስፒከሩ ቀድሞ ከተነሣ ራውተሩን ፈልጎ ያጣዋል፤ አንዳንዱ ስፒከር ደግሞ አንዴ ካጣ ተመልሶ አይፈልግም፤ ኩርፈኛ ነው።

ሁለተኛው አውታር በቤቱ ውስጥ ያለው ዋይፋይ ነው። አሁን ወደ ቡፌው መጣን።

እኛ የምንወደውን ዕቃ እናከብራለን። ራውተር ሲገባ የት ይቀመጣል? ቡፌው ውስጥ፣ ከስኒው አጠገብ፣ ከመስተዋቱ ኋላ። ላዩ ላይ ዳንቴል ይለብሳል። ከዳንቴሉ በላይ ደግሞ የምረቃ ፎቶ ይቆማል። እናቶቼ አትቀየሙኝ፤ ዳንቴሉ ያምራል። ግን ራውተር ትንፋሽ ይፈልጋል፤ ሲግል ይዝላል። ድምፁም፣ ማለቴ ሞገዱ፣ ወደ ሁሉም አቅጣጫ ነውና የሚጓዘው ከፍ ብሎ ከቤቱ መሀል ቢቀመጥ ሁሉን ክፍል ያዳርሳል። ብረት ከፊቱ ከቆመ ይመለሳል። ቆርቆሮ ብረት ነው። ዋናው ቤት እዚህ ሆኖ ማድ ቤቱ ወይም ሰርቪሱ በቆርቆሮ ከተከፈለ ዋይፋዩ ቆርቆሮውን መትቶ ይመለሳል እንጂ አያልፍም። የጭቃ ግድግዳ ደረቁን ሲሆን ያሳልፋል፤ ዝናብ የጠገበ ግድግዳ ግን ይውጠዋል። ውኃ የሞገዱ ጠላት ነው።

ራውተራችሁ አዲስ ከሆነ ሁለት ስም ይታያችሁ ይሆናል፤ አንዱ 2.4 ጊጋኸርዝ፣ ሌላው 5 ጊጋኸርዝ። 5 ፈጣን ነው፣ ቅርብ ግን ነው የሚሄደው፤ ግድግዳ ይፈራል። 2.4 ዘገምተኛ ነው፣ ግን ሩቅ ይሄዳል። ብዙ ስፒከሮች፣ በተለይ ቆየት ያሉት፣ 2.4 ብቻ ነው የሚያውቁት። ስፒከሩ ዋይፋዩን «አላገኘውም» ካለ መጀመሪያ ይህን ጠርጥሩ። የ2.4 ሰፈር ደግሞ የተጨናነቀ ነው። የጎረቤት ራውተር፣ ብሉቱዝ፣ ማይክሮዌቭ ሁሉ እዚያው ይጋፋሉ። በራውተሩ ማስተካከያ ገጽ ገብታችሁ ቻናሉን 1፣ 6 ወይም 11 ላይ አድርጉት፤ እነዚህ ሦስቱ እርስ በርስ አይረጋገጡም። ጎረቤታችሁ 6 ላይ ከሆነ እናንተ ወደ 1 ወይም ወደ 11 ሂዱ።

ከሁሉ በላይ ግን አንድ ነገር ይዛችሁ እንድትወጡ እለምናችኋለሁ። ስልኩ ላይ የሚታየው የዋይፋይ ምልክት የሚነግራችሁ ከራውተሩ የሚደርሳችሁ ሞገድ ምን ያህል ብርቱ እንደሆነ ነው። ስለ ኢንተርኔቱ ምንም አይነግራችሁም። «ምልክቱ ሙሉ ነው፣ ኔት ግን የለም» የምትሉት ለዚህ ነው። ምልክቱ ሙሉ ሆኖ ኔት ከሌለ ሁለተኛው አውታር ደኅና ነው፤ ወደ አራተኛው እለፉ። ምልክቱ ራሱ ከሌለ ግን ገና ከቤት አልወጣችሁም።

ሦስተኛው አውታር መተዋወቅ ነው። እዚህ ላይ ልጆች ናችሁ የምትጠቅሙኝ።

ራውተሩ ቤቱ ውስጥ ለገባ ዕቃ ሁሉ ቁጥር ያድላል፤ እንደ ቤት ቁጥር። ስልኩ 192.168.1.5 ሊሆን ይችላል፤ ስፒከሩ 192.168.1.9። መብራት ሲጠፋና ሲመለስ ራውተሩ ቁጥሩን አቀያይሮ ሊያድል ይችላል፤ ስልኩ ግን ስፒከሩን በድሮው ቁጥር ይፈልገዋል። «ትናንት ይሠራ ነበር፣ ዛሬ ጠፋ» የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ ይኼ ነው። በስልኩ ያለውን መተግበሪያ ዘግታችሁ ክፈቱት። ካልሆነ በራውተሩ ገጽ ላይ ለስፒከሩ የማይለወጥ ቁጥር አስይዙለት፤ ከዚያ በኋላ እፎይ ትላላችሁ። የስፒከሩ ቁጥር በ169.254 የሚጀምር ከሆነ ደግሞ ራውተሩ ጨርሶ ቁጥር አልሰጠውም፤ ዕቃው ራሱ የፈጠረው የምናብ ቁጥር ነው። ይኼኔ ስፒከሩን ከዋይፋዩ ጋር እንደገና አገናኙት።

አንድ ሻይ ቤት ያላቸው ጋሼ ደግሞ እንዲህ ሆኑ። ለደንበኞቻቸው ዋይፋይ ዘረጉ፤ ስፒከሩንም አገናኙ። የራሳቸው ስልክ ግን ስፒከሩን አያየውም። «ጋሼ፣ ስልክዎ በየትኛው ስም ነው የገባው?» አልኋቸው። «በእንግዳው» አሉኝ። ብዙ ራውተሮች «የእንግዳ» የሚባል ሁለተኛ ስም አላቸው። በዚያ ስም የገባ ሰው ኢንተርኔት ያገኛል፣ የቤቱን ዕቃ ግን አያይም። ወጋችንም እኮ እንዲሁ ነው፤ እንግዳ ሳሎን ይቀመጣል፣ ይበላል፣ ይጠጣል፣ ጓዳ ግን አይገባም። ጋሼ በገዛ ቤታቸው እንግዳ ሆነው ከርመዋል። ስልኩንና ስፒከሩን ባንድ ስም አስገባናቸው፤ በዚያው አለቀ።

ብሉቱዝና ዋይፋይንም አታምታቱ። በብሉቱዝ ዘፈኑን የሚስበው ስልኩ ነው፤ ከዚያ ለስፒከሩ ያቀብላል። ስልክ ሲደወል ዘፈኑ ይቆማል፤ ስልኩ ከቤት ሲወጣ ዘፈኑም ይወጣል። በዋይፋይ የሚሠሩ ብዙዎቹ ስፒከሮች ግን ዘፈኑን ራሳቸው ከኢንተርኔት ነው የሚያመጡት፤ ስልኩ ሪሞት ብቻ ነው። ስለዚህ «ስልኬ ላይ ዩቲዩብ ይሠራል፣ ስፒከሩ ግን አይሠራም» ስትሉ ስልካችሁ በሲም ካርዱ ዳታ እየሠራ እንዳይሆን አረጋግጡ። ዳታውን አጥፉና እንደገና ሞክሩ።

አራተኛው አውታር፣ ከቤት ወደ ውጭ የሚወጣው መስመር። ይህን ሁሉም ይወቅሳል፤ እኔ ደግሞ ጥቂት ልከራከርለት ነው።

በስሌት እንየው። ጥሩ ጥራት ያለው ዘፈን በሰከንድ 320 ኪሎቢት ይፈልጋል። ይህ የአንድ ሜጋቢት ሢሶ ነው። 4 ሜጋቢት መስመር ካላችሁ አሥራ ሁለት ዘፈን ባንድ ጊዜ ይሸከማል። አንድ ሰዓት ሙሉ ብታዳምጡ 144 ሜጋባይት ይፈጃል። ጥራቱን ወደ 96 ዝቅ ብታደርጉት 43 ሜጋባይት ገደማ ነው፤ በሻይ ቤት ስፒከር ላይ ልዩነቱን የሚለይ ጆሮ ጥቂት ነው። እንግዲህ ዘፈን ፈጣን መስመር አይፈልግም። የሚፈልገው የማይቆራረጥ መስመር ነው። ስፒከሩ ዘፈኑን ጥቂት አስቀድሞ ያጠራቅማል፤ ቧንቧ በፈረቃ እንደሚመጣበት ሰው ጀሪካን ይሞላል። ውኃው አጭር ጊዜ ቢጠፋ ከጀሪካኑ ይጠጣል፣ እናንተም አታውቁም። ጀሪካኑ ሲያልቅ ግን ዘፈኑ ይቆማል።

መስመራችሁ ፋይበር ከሆነ ራውተሩ ላይ «ኤል ኦ ኤስ» የሚል መብራት ፈልጉ። ቀይ ሆኖ ከበራ ብርሃኑ እናንተ ጋ እየደረሰ አይደለም፤ ገመዱ ታጥፏል ወይም ተበጥሷል። ይኼኔ ያለ ጥርጥር ለቴሌ ደውሉ፤ «ኔትወርክ የለም» ሳይሆን «ኤል ኦ ኤስ ቀይ ነው» በሉ። ሰሚው ወዲያው ይገባዋል። መስመራችሁ በሲም ካርድ የሚሠራ ራውተር ከሆነ ደግሞ ወደ መስኮቱ አስጠጉት፤ የኔትወርክ ማማው ወዳለበት አቅጣጫ። ዛፍ ከመሀል ካለ፣ በተለይ ዝናብ ያረሰረሰው ዲከረንስ፣ ቅጠሉ ሞገዱን ያደክመዋል። አንድ ማማ ያለውን አቅም ለሰፈሩ ሁሉ ነው የሚያካፍለው። ጥር 23 ቀን እንጅባራ የፈረሰኞቹን በዓል ስታዩ ቪዲዮ ለመላክ የሞከራችሁ ታውቁታላችሁ፤ ምልክቱ ሙሉ ነው፣ ቪዲዮው ግን አይሄድም። ማማው አልተበላሸም፤ ሕዝቡ በዝቶበት ነው። በገበያ ቀን እኩለ ቀን የሚቆራረጥ ዘፈን እኩለ ሌሊት ላይ ያለ ችግር የሚጫወት ከሆነ ነገሩ ይኸው ነው፤ ስፒከሩን አትፍቱት።

እኔም በዚህ አውታር ተሳስቻለሁ። አንድ ቀን የራሴን ቤት ራውተር ሁለት ሰዓት ሙሉ ፈትቼ፣ ገጥሜ፣ ቻናል ቀይሬ፣ ወደ ፋብሪካ ቅንብሩ መልሼ ደከምሁ። ባለቤቴ መጥታ «ጥቅሉ አላለቀም?» አለችኝ። አልቆ ነበር።

አምስተኛው አውታር ሰዓትና ቀን ነው። ይህ የእኛው፣ የኢትዮጵያውያን በሽታ ነው።

ብዙ ሰው የስልኩን ሰዓት በእጁ ወደ እኛ አቆጣጠር ያዞረዋል፤ ጠዋት አንድ ሰዓት ሲል «1:00» እንዲያሳየው። አንዳንዱ ቀኑንም ይለውጣል። ፈረንጆቹ 2025 ሲሉ እኛ 2017 ወይም 2018 እንላለንና ስልኩም እንዲሁ እንዲል ያደርገዋል። የዘፈን መተግበሪያው ከሩቅ ካለው ማእከል ጋር ሲገናኝ ግን መጀመሪያ የማእከሉን መታወቂያ ያያል። መታወቂያው የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን አለው። ስልካችሁ «ዛሬ 2017 ነው» ብሎ ካመነ በፈረንጆቹ 2025 የተሰጠው መታወቂያ ገና ያልተጀመረ፣ ሐሰተኛ ይመስለዋል፤ በሩን ይዘጋል። ዋይፋዩ ደኅና፣ መስመሩ ደኅና፣ ጥቅሉ ሙሉ፣ ዘፈኑ ግን የለም። ሰዓቱን ብቻ ስድስት ሰዓት ያዞረ ሰው ደግሞ አንዳንዴ ይሳካለታል፣ አንዳንዴ አይሳካለትም፤ የባሰ ግራ ይጋባል። ሰዓቱንና ቀኑን «በራሱ ይስተካከል» በሚለው ላይ ተዉት። የኢትዮጵያን ሰዓትና ቀን መቁጠሪያ የሚያሳዩ መተግበሪያዎች ሞልተዋል፤ እነሱን ጫኑና የእኛን ሰዓት እዚያ እዩት። ይህን አንድ ነገር ብቻ በመንገር ስንት ስልክ እንዳዳንሁ ብትሰሙ ደመወዝ ትቆርጡልኝ ነበር።

አውታሮቹ አለቁ። አንድ ነገር ግን ቀርቶኛል፤ የመጣሁበት ዋናው ጉዳይም እሱ ነው።

ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ወራት እንዳለፉ ማንም አልረሳም። ያኔ ብዙ ቤት ራውተሩን ነቅሎ ቁም ሣጥን ውስጥ ከተተው። «ኔት ከሌለ ምን ያደርጋል?» ተባለ። እኔ ግን አልነቀልሁም። ለምን? ራውተሩ ሁለት ሥራ አለው። አንደኛው ከውጭ ማምጣት ነው፤ ሁለተኛው በቤቱ ውስጥ ማገናኘት። የውጭው ቢዘጋ የውስጡ አይዘጋም። አሮጌ ላፕቶፔ ላይ ገዝቼ ያጠራቀምኋቸውን ዘፈኖች አስቀምጬ ጄሊፊን የሚባል ነጻ ፕሮግራም ጫንሁበት። ስልኩም ቴሌቪዥኑም በቤቱ ዋይፋይ ከላፕቶፑ እየሳቡ ይጫወቱ ነበር። ከቤቴ ውጭ አንድ ሜጋባይት እንኳ አልወጣም። ላፕቶፕ የሌለው ሰው ራውተሩ የዩኤስቢ ቀዳዳ ካለው ፍላሹን እዚያው ይሰካል። ባለ 64 ጊጋባይት ፍላሽ አምስት ደቂቃ የሚወስዱ ጥሩ ጥራት ያላቸው ዘፈኖችን ከ5000 በላይ ይይዛል። ከሠርግ ሠርግ የሚበቃ ነው።

ግን ዘፈኑን ግዙ። የቅጂ መብት አዋጁ፣ ቁጥር 410፣ በ1996 ዓ.ም. ነው የወጣው፤ አዲስ አይደለም። የምታደምጡትን የአገውኛ ዘፋኝ በነጻ ጭናችሁት ስታበቁ «ለምን አዲስ አላወጣም?» ብላችሁ አትጠይቁት።

የከተማችሁ ስም ግምጃ ቤት ነው። ግምጃ ቤት የከበረ ዕቃ ከዝናብና ከሌባ ተጠብቆ የሚቀመጥበት ቤት ነው። ቧንቧ ላይ ብቻ ጥገኛ የሆነ ሰው ቧንቧ ሲዘጋ ይጠማል፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ቤት አንድ የራሱ ግምጃ ቤት እንዲኖረው እመክራለሁ፤ አንድ ፍላሽ፣ አንድ አሮጌ ላፕቶፕ፣ የማይነቀል ራውተር።

 ጥያቄ ያለው እጁን ያውጣ። ከበሩ አጠገብ ስፒከር በፌስታል ይዛችሁ የተቀመጣችሁ ሦስቱ ግን ከጥያቄው በፊት ወደዚህ ኑ፤ መጀመሪያ አዳፕተራችሁን አሳዩኝ።